ውሃ በጠፋበት ጠዋት የተሠራ በረዶ

ፍሪጅ ጠጋኙን የሚያውቀው ሁሉ «ብርዱ» ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት አማቱ ናቸው፤ ገና በሙሽርነቱ ወራት በሩን ከፍቶ ሲገባ «ብርዱ መጣ፣ ብርድ ልብስ አምጡ» ብለው ቀለዱበት። ቀልዱ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ማንንም አያስቅም፤ ስሙ ግን ከሰውዬው ጋር አብሮ አርጅቷል።

ብርዱ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። በግድግዳና በፍሪጅ ጀርባ መካከል ተጣብቆ ሲሠራ የኖረ በመሆኑ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ይላል፤ ሲራመድም ጠባብ በር እንደሚያልፍ ሰው በጎኑ ይሄዳል። በሙያው የታወቀው በመዳፉ ነው። ሞተሩን ዳብሶ ስንት ወር እንደቀረው ይናገራል፤ የበሩን ጎማ በእጁ ተከትሎ ብርድ የሚያፈስበትን ስፍራ ያገኛል። መለኪያ መሣሪያ የለውም ማለት አይደለም፤ ቴስተሩ ከቦርሳው ተለይቶ አያውቅም። የሚያወጣው ግን መዳፉ የነገረውን ለደንበኛ ለማስረዳት እንጂ ራሱ ለመጠየቅ አይደለም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ መዳፉ አላሳፈረውም። ያላሳፈረንን ነገር መመርመር እንተዋለን፤ የብርዱም ጥፋት ከዚህ አይበልጥም፣ ከዚህም አያንስም።

የሥራ ልማዱ የታወቀ ነው። ከምሳ በፊት ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ያመጡለትን ሞተር ይጠግናል፤ ከምሳ በኋላ ቦርሳውን አንግቶ ቤት ለቤት ይዞራል። ይህን ልማድ ያፈረሰው በአንድ ማክሰኞ ነው፤ ያፈረሰውም ስለለመኑት ነው።

የለመነችው የሒሳብ መምህርት ናት። ከአባቷ ጋር የምትኖረው በአንድ አራት ፎቅ ሕንፃ ሦስተኛ ደርብ ላይ ነው። አባቷ ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ሹም ናቸው። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄዱ ደማቸውን በመሣሪያ ያሳጥባሉ። የጠጡት ውሃ ከሰውነታቸው ስለማይወጣ በቀን የሚፈቀድላቸው ከሁለት ብርጭቆ አይበልጥም። ጥማቱን እንዲችሉት ሐኪማቸው ከዚያው ላይ ተቀንሶ ስምንት ፍሬ በረዶ እንዲመጥጡ ፈቅዳላቸዋለች። የፍሪጁ በረዶ መሥሪያ ከቆመ አምስት ቀን ሆኖት ነበር።

«ለምን በሳህን አታቀዘቅዢላቸውም?» አለ ብርዱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቦርሳውን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ እያሳረፈ።

«ሞክሬ ነበር፣ አልቀበልም አሉኝ» አለች መምህርቷ። «ከሳህን የሚወጣው አንዱ ዝሆን፣ አንዱ ትንኝ ነው ይላሉ። የማሽኑ እኩል እኩል ስለሆነ ይቆጥሩታል።»

«ይቆጠራል እንጂ» አሉ ሽማግሌው ከሳሎን። «አርባ ዓመት ባቡር ስቆጥር ኖሬ በስተርጅና በረዶ ያጭበርብረኝ?»

«ይኸው ነው እንግዲህ፣ ጋሽ ብርዱ። እኔ ዛሬ ፈተና ላይ ነኝ፤ ስልኬ እስከ አሥር ሰዓት ዝግ ነው። አባባ ደግሞ ስልክ አይዙም። እንደምንም ብለው ይጨርሱልኝ» ብላ ወጣች።

ብርዱ ሥራውን በሥርዓት ጀመረ። የበረዶውን መሳቢያ ስቦ አየ፤ ማሽኑን የምታስቆመው ዘንግ ወደ ታች ወርዳለች፣ ስለዚህ ማሽኑ አልታገደም። የውሃው ገበታ ደረቅ ነው። ውሃ የሚያስገባው ቀጭን ቱቦ በበረዶ አልተዘጋም። ፍሪጁን ከግድግዳው አራቀና የኋላውን የውሃ ጎማ ፈትቶ ባልዲ ውስጥ ከተተው፤ ጉንፋን እንደያዘው አፍንጫ ጠብ ጠብ ብቻ አለ። ሕመሙ ከፍሪጁ ሳይሆን ከግድግዳው መሆኑ ታወቀ። ከወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን ጀርባ ሌላ ሠራተኛ ከዓመታት በፊት የተከላት ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ቧንቧውን አቅፋ በመርፌ ወግታ ውሃ የምትቀዳ ዓይነት ናት። መርፌዋ በዝቃጭ ተደፍኗል። መያዣዋን ሊያዞር ሲሞክር ተሰብሮ እጁ ላይ ቀረ።

መፍትሔው አሮጌዋን ትቶ አዲስ ቫልቭ ዝቅ ብሎ መትከል ነበር። ከቁም ሳጥኑ ሥር ሁለት ቧንቧዎች ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነጭ ቀለም ተቀብተዋል። አንደኛው የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው። ሁለተኛው ጣሪያው ላይ ካለው ታንከር የሚወርድ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለደረጃ ማጠቢያ ብቻ የሚያገለግል የዝናብ ውሃ ነው።

«የከተማው የትኛው ነው፣ ጋሼ?»

«እኔ የማውቀው ሐዲድ ነው፣ ልጄ። ቧንቧው ያንተ ነው።»

ብርዱ በጉልበቱ ተንበርክኮ መዳፉን በየተራ አሳረፈባቸው። ሕጉ ቀላል ነው፤ የከተማው ውሃ በመሬት ውስጥ ስለሚመጣ ይቀዘቅዛል፣ የጣሪያው ፀሐይ ላይ ስለሚውል ለብ ይላል። የግራው ቀዘቀዘው፤ የቀኙ ለብ አለው። ቫልቩን በግራው ላይ አሰረ፣ መርፌውን አጠበቀ። ውሃው በኃይል ወጣ። አንድ ባልዲ ሙሉ አፍስሶ ጥራቱን አየ፤ ምንም እንከን የለበትም። ጎማውን ገጠመ፣ ፍሪጁን መለሰ፣ ገበታው ሽርር ብሎ እስኪሞላ ቆሞ አዳመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ጋሼ፣ ሦስቱን ዙር ይድፉት። አዲስ መስመር ቆሻሻ አያጣም። ከአራተኛው ይጀምሩ።»

«በስንት በስንት ሰዓት ነው የሚያወርደው?»

«በሰዓት ተኩል በሰዓት ተኩል።»

ሽማግሌው እንደ ባቡር መምጫ አድርገው ወረቀት ላይ ጻፉት፤ አምስት፣ ስድስት ተኩል፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ተኩል። ብርዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ።

ሰባት ሰዓት ላይ ቤቱ ምሳ ቀርቦለት ሳለ ሚስቱ የእህቷን ወሬ አመጣች።

«ልብስ ዘፍዝፋ አንጀቷ አርሯል። ሰፈሩ ውሃ የለም ብላ ደወለችልኝ። ትልቁ ቧንቧ ፈንድቶ ነው አሉ።»

«የትኛው ሰፈር?»

«ስንት እህት አለኝ? ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ነዋ።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ሳይነጋ ነው የሄደው። እስካሁን ጠብ አላለም።»

ብርዱ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እኔ ዛሬ ጠዋት እዚያ ሰፈር ባልዲ ሙሉ ውሃ አፍስሻለሁ» አለ።

«ታዲያ ባለ ዕድል ቤት ገብተሃል» ብላ ሳቀች፤ ቀና ብላ ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። «ምን ሆንክ አንተ?»

በብርዱ ራስ ውስጥ ነገሩ አንድ በአንድ ግልጽ ሆኖ ተደረደረ። ታንከሩ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ላይ ብርድ ሲጠጣ አድሯል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ገና አልነካውም። የከተማው ቧንቧ ውሃ ስላልነበረው የክፍሉን ሙቀት ይዞ ለብ ብሏል። መዳፉ የነገረው ትክክል ነበር፤ ግራው ቀዝቃዛ ነበር። ሕጉ ግን የከሰዓት በኋላ ሕግ ነው፤ እሱም በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጠዋት ቧንቧ ዳብሶ አያውቅም።

ከዚህ የባሰ ትዝ አለው። ሲወጣ ደረጃው ላይ የሕንፃውን ጠባቂ አግኝቶት ነበር፤ ጠባቂው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ባዶ ጀሪካን በእጁ ይዞ፣ «ታንከሩ የትንኝ ልጅ አፍርቷል። ትናንት መድኃኒት ጨምሬበት ዛሬ የቀረውን አሟጠጥኩበት» ብሎት፣ እሱም «ጎበዝ» ብሎት አልፏል።

መምህርቷ ስልክ ላይ ደወለ፤ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ሚስቱ አንድ ሁለት ጊዜ ብትጠራውም አልሰማትም፤ ጫማውን ሳያስር ወጣ።

አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ሰዓት አሰላ። የመጀመሪያው ዙር አምስት ሰዓት ላይ ወርዷል፣ ሁለተኛው ስድስት ተኩል ላይ። ሁለቱም እንዲደፉ ነግሯል። አራተኛው እስኪደርስ ከሁለት ሰዓት በላይ አለው፤ ስለዚህ ይደርሳል። ለጥቂት ደቂቃ ይህ ስሌት ልቡን አሳረፈው። ከዚያ ግን ሌላ ሐሳብ መጣበት። አምስት ቀን በረዶ ያጣ፣ በቀን ሁለት ብርጭቆ የተፈቀደለት ሰው እኩል እኩል የሆነ ንጹሕ በረዶ በፊቱ ሲወርድ ያንን አንሥቶ ይደፋል? እሱ ራሱ ይደፋ ነበር?

አውቶቡሱ በተቆፈረው መንገድ ምክንያት ቆመ። ብርዱ ወርዶ በእግሩ ሄደ፣ ቀጥሎ ሮጠ። የፈነዳው ቧንቧ በሚጠገንበት ጉድጓድ አጠገብ ሲያልፍ ሠራተኞቹ ተደግፈው ያወራሉ፤ አንዱ «አባት፣ ውሃው ገና ነው፣ አትሩጥ» ብሎ አሳቃቸው።

ሩጫው ውስጥ አንድ ክፉ ሐሳብ አብሮት ይሮጥ ነበር። መፍቻ ረሳሁ ብሎ መግባት፣ በረዶውን ደፍቶ መስመሩን መዝጋት፣ ጉድለት አገኘሁ ብሎ በሌላ ቀን ማስተካከል ይችላል። ማንም አያውቅም። ሠላሳ ዓመት የገነባው ስም በአንድ ጠዋት አይፈርስም። ይህን ሐሳብ አላባረረውም፤ እንዲያውም ደረጃውን ሲወጣ የሚናገረውን ቃል እያጠና ነበር።

ደወሉን ተጫነ። መልስ የለም። ደግሞ ተጫነ። ከውስጥ ምንም አይሰማም። በሩ ላይ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ። በሦስተኛው ደወል ነጠላ ጫማ ወለሉን ሲጠርግ ተሰማ፤ በሩ ተከፈተ። ጣቢያ ሹሙ በግራ እጃቸው ትንሽ ብርጭቆ ይዘዋል።

«መፍቻ ረስቼ ነው፣ ጋሼ» አለ ብርዱ።

«ግባ፣ ግባ። እንኳን ረሳህ፤ ላመሰግንህ ፈልጌ ነበር።»

ብርጭቆው ውስጥ አንድ በረዶ ግማሽ ቀልጦ ይንሳፈፋል።

«ዙሮቹን አልደፏቸውም?»

«ውሃ የተከለከለ ሰው በረዶ ሲደፋ አይተህ ታውቃለህ?» አሉ ፈገግ ብለው። «የመጀመሪያውን ለመድፋት አነሣሁት። እጄ እምቢ አለኝ።»

ያጠናው ውሸት አፉ ውስጥ ነበር። ቢናገረው ሽማግሌው ሐኪም ዘንድ አይሄዱም፤ ካልሄዱም የሚሆነውን የሚያውቅ የለም። ብርዱ ብርጭቆውን ከእጃቸው ወሰደ።

«ጋሼ፣ መፍቻ አልረሳሁም። ከመጸዳጃው ውሃ ጋር ነው ያገናኘሁት። ከታንከሩ። ታንከሩ ውስጥ መድኃኒት አለ።»

ጣቢያ ሹሙ በሩን ተደግፈው፣ «ምን ዓይነት መድኃኒት?» አሉ።

«አላውቅም።»

«እንግዲያውስ የሚያውቀውን አምጣ። እኔ ጫማዬን ላድርግ። ሁለት በልቻለሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነበር፣ ግማሹ ብርጭቆው ውስጥ ነው። ለሐኪሟ ሁለት ተኩል በል፤ ሁለት አትበል።»

ብርዱ ቫልቩን ዘጋ፤ ጠባቂውን ፍለጋ ደረጃውን ወረደ። ጠባቂው ከበሩ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ጀሪካኑን ስጠኝ።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ላዩ ላይ የተጻፈውን ነው የምፈልገው። ስንት ነው የጨመርክበት?»

«ልኩን ነዋ።»

«ልኩ ስንት ነው?»

«ልኩ... አንድ ክዳን ይላል» አለ ጠባቂው ዓይኑን እያሸሸ። «አንድ ክዳን ትንኞቹን አሳቃቸው እንጂ አልገደላቸውም። ሦስት አድርጌዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የተረፈውን። ማን ይጠጣዋል ብዬ?»

ብርዱ ጀሪካኑን ነጥቆ ሄደ።

ታክሲ ውስጥ ሽማግሌው በመስኮት ይመለከታሉ፤ ብርዱ እሳቸውን ይመለከታል። አንድ ጊዜ ሲያዛጉ ብርዱ ፈጥኖ ወደ እሳቸው ዘንበል አለ።

«እንቅልፍ ነው» አሉ ሳይዞሩ። «ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ ያዛጋኛል።»

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጀሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበች፣ ለአንድ ሰው ደወለች፣ ደም አስቀዳች። ብርዱ የሠራውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገራት፤ የቫልቩን፣ የመዳፉን፣ የባልዲውን፣ የሦስቱን ክዳን።

«ጤነኛ ሰው ቢሆኑ ውሃ ጠጡ ብዬ ወደ ቤት እልካቸው ነበር» አለች። «የእሳቸው ሰውነት ግን የገባውን አያስወጣም። ነገ የነበረውን እጥበት ዛሬ እናደርጋለን። ልባቸውን እየተከታተልን አራት ሰዓት እንጠብቃለን። ቶሎ መምጣታችሁ ጥሩ ነው። ከዚህ በላይ አሁን ልነግርዎ የምችለው የለም።»

አራቱን ሰዓት ብርዱ በመተላለፊያው ወንበር ላይ አሳለፈ። ከመስተዋቱ ወዲያ መሣሪያው ደማቸውን በቀጭን ቱቦ እየቀዳ ይመልሳል። ሌላ ቀን ቢሆን ቱቦው የት እንደተገጠመ፣ ፓምፑ ምን ያህል እንደሚስብ ይመረምር ነበር፤ ያን ቀን ግን ዓይኑን ከሽማግሌው ደረት ላይ አላነሣም። ደረቱ ከፍ ሲል እሱም ይተነፍሳል። ነርሷ በፈጠነች ቁጥር ይነሣል፤ ባለፈችው ቁጥር ይቀመጣል።

መምህርቷ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እየሮጠች ደረሰች። ስልኳን ስትከፍት አሥራ ሰባት ጥሪ አግኝታለች። ብርዱ ቆሞ ሁሉንም ደገመላት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«የዕቃ ማጠቢያውን ቧንቧ ለምን ከፍተው አላዩም?»

ክንዱን ቢዘረጋ ይደርስበት ነበር። ቢከፍተው ውሃ እንደሌለ በአንድ ሰከንድ ያውቅ ነበር። እጁን እንኳ በጨርቅ ጠርጎ ነው የወጣው።

«በእጄ ስለማውቀው» አለ።

መምህርቷ ከወንበሩ ማዶ ጫፍ ተቀመጠች።

ምሽት ላይ ሐኪሟ ወጥታ ደማቸው ደህና መሆኑን፣ ልባቸውም አለመዛባቱን፣ ለጥንቃቄ ግን እዚያው እንደሚያድሩ ተናገረች። መምህርቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሐሙስ ዕለት እሷው ደወለች። ድምፅዋ አልሞቀም።

«አባባ መስመሩን ካንተ በቀር ማንም አይነካውም ይላሉ። እኔ ሌላ ሰው አግኝቼ ነበር።»

«ለምን እኔን?» አለ ብርዱ። «አንተ» ማለቷን ልብ ብሏል፤ ይገባኛል ብሎ ተቀበለው።

«ራሳቸውን ጠይቃቸው።»

ሽማግሌው በሩን ከፍተው ጠበቁት። «ተሳስቶ ሐዲድ ያዞረ ሠራተኛ ነበረኝ» አሉ። «አላባረርኩትም። እዚያው መዘውር ላይ መለስኩት። አዲስ ብቀጥር እሱም እጁን የሚያምን ሊሆን ይችላል። አንተ ግን ከእንግዲህ አታምነውም።»

እውነት ነው፣ አላመነውም። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ሲንበረከክ ሁለቱ ቧንቧዎች ነጭ ሆነው አፈጠጡበት፤ መዳፉ ወደ እነርሱ ሊዘረጋ ሲል ሰበሰበው። የከተማውን መዝጊያ ከታች ዘግቶ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ መቆሙን አየ፤ ከፍቶ መምጣቱን አየ። የታንከሩን ዘግቶ መጸዳጃው አለመሙላቱን አየ። ይህን ሦስት ጊዜ ደገመው። በቀኙ ላይ ሰማያዊ፣ በግራው ላይ ቀይ ፕላስተር ጠመጠመ። የተበሳውን ቧንቧ ቆርጦ በአዲስ ተካ፤ ጎማውን፣ የፍሪጁን ቫልቭና የበረዶውን ገበታ በሙሉ ቀየረ። ቡሎኑን ሲያጠብቅ ጣቢያ ሹሙ አጠገቡ ተቀምጠው ባትሪ ያበሩለት ነበር።

ሦስቱን ዙር ራሱ ደፋ። አራተኛው እስኪወርድ ከወጥ ቤቱ አልወጣም። ሲወርድ አንድ ፍሬ አንሥቶ ወደ አፉ አስጠጋ።

«ያንተ ኩላሊት ይሠራል» አለች መምህርቷ ከበሩ ላይ። «ያንተ መቅመስ ምን ያረጋግጣል?»

ብርዱ በረዶውን መለሰ። እሷ ጥቂቱን በንጹሕ ጠርሙስ አድርጋ ለምርመራ ወሰደችው፤ ሽማግሌውም ውጤቱ እስኪመጣ አንድ ፍሬ ላለመንካት ተስማሙ። ብርዱ ቤቱ ገባ፤ ሚስቱ ያቀረበችለትን ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ቤት ፍሪጅ ጀርባ ተጣብቆ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን ሲያይ የእሷ ነው። ሁለት ጊዜ ከጮኸ በኋላ አነሣው።

«አቤት።»

«ውሃው ንጹሕ ነው» አለች። «አባባ ሦስት ፍሬ በልተዋል። አምስት ይቀረኛል በይው ብለውኛል፣ ጋሽ ብርዱ።»

ብርዱ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የቤቱ ባለቤት ከሳሎን ሆነው፣ «ምነው፣ ከባድ ብልሽት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁት።